ስሙ ያልተጻፈው ጭራቅ
የቦሪስ ካርሎፍ አጭር የሕይወት ታሪክ

በዶሃና በአካባቢዋ የምንማር ኢትዮጵያውያን ሐሙስ ማታ ተሰባስበን ፊልም ስናይ ምርጫችን ብዙ ጊዜ የጭራቅ ፊልም ነው። ነገሩ በተጋነነ ቁጥር ሳቃችን ይደምቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ቫን ሄልሲንግ» ገና ሲጀምር በጥቁርና ነጭ፣ ችቦ የያዙ መንደርተኞችንና የሚነድ የንፋስ ወፍጮ ያሳያል። ይህ ለ1931ዱ «ፍራንከንስታይን» የቀረበ እጅ መንሻ ነው። ሜል ብሩክስም በ1974 ባወጣው አስቂኝ ፊልም የዚያኑ የጥንቱን ፊልም የላቦራቶሪ ዕቃዎች መልሶ ተጠቅሞባቸዋል። በእነዚህ ፊልሞች ሁሉ ከምናየው ጭራቅ በስተጀርባ አንድ ሰው አለ። ታሪኩን ማወቅ ሳቃችንን አይቀንስም፤ ትርጉም ይጨምርለታል እንጂ።

ካርሎፍ የመድረክ ስሙ ነው። በኅዳር 1887 ለንደን ውስጥ ሲወለድ የወጣለት ስም ዊልያም ሄንሪ ፕራት ነበር። የዘር ሐረጉ በከፊል ከሕንድ ይመዘዛል፤ መልኩም ጠየም ያለ ነበር። ቤተሰቡ የእንግሊዝ መንግሥት የቆንስላ ሠራተኛ እንዲሆን አስበው ኪንግስ ኮሌጅ አስገቡት። ልቡ ግን ቲያትር ላይ ነበርና በ1909 ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ካናዳ ተሰደደ። በዚያ በእርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆነ፤ ከተዘዋዋሪ የቲያትር ቡድኖች ጋር ተንከራተተ፤ ሆሊውድ ከደረሰም በኋላ የጭነት መኪና እየነዳ እንጀራውን የፈለገበት ጊዜ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ማንም አላወቀውም።

በ1931 የጭራቁን ሚና ሲያገኝ ዕድሜው 43 ነበር። የፊቱን ቅብ ለመሥራት ብቻ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር። በበጋ ሙቀት ከባድ ልብስና ጫማ ተጭኖ ረጅም ሰዓት ይሠራል። የወፍጮው ትዕይንት ሲቀረጽ ሌላውን ተዋናይ ተሸክሞ ደጋግሞ ዳገት በመውጣቱ ጀርባው ተጎዳ፤ ሕመሙም ለብዙ ዓመታት ተከተለው። እኛ የሕክምና ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ጉዳት የሥራ ጉዳት ብለን እንማረዋለን። በፊልሙ መክፈቻ ላይ ግን በጭራቁ አንጻር የተዋናዩ ስም አልተጻፈም፤ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተቀመጠ። ዛሬም ብዙ ሰው ጭራቁን የሚጠራው በፈጣሪው በፍራንከንስታይን ስም ነው።

በ1933 የስቱዲዮ ባለሀብቶች የኢኮኖሚውን ቀውስ አሳበው የተዋንያንን ደመወዝ እስከ ግማሽ ቆረጡ። ያኔ ካርሎፍ ዝነኛ ነበር፤ ዝም ቢል ማንም አይነካውም ነበር። እርሱ ግን የፊልም ተዋንያንን የሠራተኛ ማኅበር ከመሠረቱት ጥቂቶች አንዱ ሆነ፤ የአባልነት ቁጥሩም 9 ነበር። ማኅበሩ በ1937 በአምራቾቹ ዘንድ እውቅና አግኝቶ የጋራ ውል ተፈራረመ። ትግሉ የጠቀመው ለታወቁት ብቻ አልነበረም፤ ስማቸው በፊልም ላይ ለማይጻፈው ብዙዎች ጭምር ነው።

ካርሎፍ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሲሠራ ኖሮ በየካቲት 1969 እንግሊዝ አገር አረፈ።

እንግዲህ በሚቀጥለው ሐሙስ ጭራቁ እጁን ዘርግቶ ሲንገዳገድ እንሳቅ፤ ለሳቅ የተሠራ ነው። ነገር ግን ከቅቡ ሥር ላቡን የሚያፈስ ሰው እንዳለ አንርሳ። ካርሎፍ ስም ካገኘ በኋላ ስም የሌላቸውን አልረሳም። እኛም ነገ የሐኪምነት ስም ስናገኝ የምንመዘነው በዚሁ ነው።