ጂን ሮደንቤሪ፦ የራሱን ድርሰት ዳግም የወጠነ ሰው

ከአማን፣ ከረቢየህ ሰፈር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በኤፍራጥስ ዳርቻ የሶርያዋ መያዲን ከተማ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በጁን 1947 ከካራቺ ወደ ኢስታንቡል ይበር የነበረ የፓን አሜሪካን አውሮፕላን በሌሊት ሞተሩ በእሳት ተያይዞ በዚህች ከተማ አቅራቢያ ወደቀ። ከተሳፈሩት 36 ሰዎች 15ቱ ሞቱ። ሁለት የጎን አጥንቶቹ ተሰብረው ሳለ ተሳፋሪዎችን ከቃጠሎው ያወጣ የነበረው የ25 ዓመት አብራሪ ጂን ሮደንቤሪ ይባላል። በኋለኛ ዘመኑ ያን ሌሊት ሲተርክ ማጋነን ይወድ ነበር፤ ታሪኩ ግን ሳይጋነንም ይበቃል።

ሮደንቤሪ እ.ኤ.አ. በ1921 በቴክሳስ ኤል ፓሶ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ግንባር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብርሯል። ከመያዲን አደጋ በኋላ በዓመቱ አብራሪነቱን ትቶ በሎስ አንጀለስ ፖሊስ ሆነ፤ ጎን ለጎንም ለቴሌቪዥን ድርሰት ይጽፍ ጀመር። በ1956 የፖሊስነት ሥራውን ለቆ ሙሉ በሙሉ ወደ ብዕሩ ዞረ።

«ስታር ትሬክ» የተሰኘው ሳይንሳዊ ልብ ወለዱ የመጀመሪያ የሙከራ ክፍሉ በኤንቢሲ ጣቢያ ተቀባይነት አላገኘም። ጣቢያው ግን ባልተለመደ ሁኔታ ሌላ ሙከራ አዘዘ፤ ተከታታይ ድራማውም በሴፕቴምበር 1966 ለሕዝብ ቀረበ። በጠፈር መርከቢቱ ውስጥ ጥቁር ሴት መኮንንና የጃፓን ዝርያ ያለው መሪ ጨባጭ፣ በቀዝቃዛው ጦርነት መካከልም ሩሲያዊ ወጣት ከአሜሪካውያን እኩል ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። ድራማው ከ79 ክፍሎች በኋላ በ1969 ተቋረጠ። እየተደገመ በየከተማው ሲታይ ግን ተመልካቹ ከቀድሞው እጅግ በዛ።

በ1979 ታሪኩ ወደ ሲኒማ ሲመጣ ወጪው ከታሰበው በላይ ናረ። የፊልም ኩባንያው ፓራማውንት የቀጣዮቹን ፊልሞች አመራር ለሌሎች ሰጥቶ ደራሲውን በአማካሪነት ስም ወደ ጎን አደረገው። ሮደንቤሪ የገዛ ድርሰቱ እንግዳ ሆነ።

ኩባንያው በ1986 አዲስ ተከታታይ ድራማ ለመሥራት ሲወስን አመራሩ ወደ 65 ዓመቱ ሮደንቤሪ ተመለሰ። ተመልካቹ የሚናፍቀው የቀድሞዎቹን ተዋንያን ነበር፤ በእነርሱ ቦታ ሌላ ሰው ማየት እንደ ክህደት የቆጠሩትም ነበሩ። እርሱ ግን ዘመኑን አንድ ምዕተ ዓመት ያህል አሻግሮ፣ የመርከቢቱን ስም ኢንተርፕራይዝን ብቻ አስቀርቶ ሰዎቹን በሙሉ ለወጠ። ለመሪነት የታጨውን ራሰ በራ እንግሊዛዊ ተዋናይ ፓትሪክ ስቱዋርትን መጀመሪያ አልወደደውም ነበር፤ ባልደረቦቹ ናቸው አጥብቀው ያሳመኑት።

«ቀጣዩ ትውልድ» የተባለው ይህ ሥራ በሴፕቴምበር 1987 ታየ። ጅማሬው ደካማ ነበር። ሮደንቤሪ የወደፊቱ ሰው ከስግብግብነትና ከጥላቻ ስለሚነጻ የመርከቢቱ ባልደረቦች እርስ በርስ አይጣሉም ብሎ ደነገገ፤ ድራማ ያለ ጠብ እንዴት ይጻፋል ያሉ ደራስያን ተማረሩ፣ ብዙዎችም ጥለው ወጡ። ጤናው እየታወከ ሲሄድ የዕለት ሥራውን ሌሎች ተረከቡ። ድራማው የጎለመሰው ከዚያ ወዲህ መሆኑ ለፈጣሪው መራራ ነው፤ ሆኖም የነጻውን ሰው ሕግ ተተኪዎቹም ፈጽመው አልሻሩትም፣ ጠቡን ከመርከቢቱ ውጭ እየፈለጉ ጻፉ። በሰባት ዓመት 178 ክፍሎች ተሠሩ፤ ከፊተኛው እጥፍ ይበልጣል።

ሮደንቤሪ ፍጻሜውን ሳያይ በኦክቶበር 1991 በ70 ዓመቱ አረፈ። በ1993 በተጀመረው ሌላ ተከታይ ውስጥ ሱዳን የተወለደው ሲዲግ አል ፋዲል የሐኪሙን ገጸ ባሕርይ ተጫወተ። በ1996 ደግሞ «ቮየጀር» በተባለው ተከታይ፣ የያኔው የዮርዳኖስ ልዑል አብዱላህ ቢን አል ሑሴን የመርከብ ደንብ ልብስ ለብሰው ያለ ንግግር ለጥቂት ሴኮንዶች ታዩ፤ በሦስተኛው ዓመት አማን ላይ ነገሡ።