ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ እና የተጨነቀች ነፍስ

ስለ ቅዱሳን ስንናገር ድላቸውን እንጂ የተጨነቁበትን ሌሊት እምብዛም አናነሣም። ስለዚህም በመካከላችን ልቡ የከበደው፣ አእምሮው የታወከ ሰው ሲገኝ እምነቱ የጎደለ ይመስለናል። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ከሚያስረዱን አንዱ የኢየሱስ ማኅበር መሥራች የቅዱስ ኢግናጥዮስ ሕይወት ነው።

ኢግናጥዮስ እ.ኤ.አ. በ1491 በሰሜን እስፓኝ፣ በባስክ ምድር፣ በሎዮላ ከመኳንንት ቤተ ሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ ክብርን የሚወድ፣ ለልብሱና ለጠጕሩ ውበት የሚጨነቅ ሰው ነበር። በ1521 በፓምፕሎና ጦርነት የመድፍ ጥይት እግሩን ሰበረው። በአልጋ ላይ ሳለ የጌታችንን ሕይወትና የቅዱሳንን ገድል አነበበ፤ ልቡም ተለወጠ። በመጋቢት 1522 በሞንሰራት ገዳም ሰይፉን በእመቤታችን ሥዕል ፊት ትቶ፣ ያማረ ልብሱን ለነዳይ ሰጥቶ፣ በአቅራቢያው ወደምትገኘው ማንሬሳ ወረደ።

በማንሬሳ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ተቀመጠ። ምግቡን እየለመነ ይኖር ነበር፤ ሥጋ አይበላም፣ ከእሑድ በቀር ወይን አይጠጣም። በቀን ሰባት ሰዓት ተንበርክኮ ይጸልያል፤ እኩለ ሌሊትም ይነሣል። ቀድሞ ስለ መልኩ ይመካ ስለ ነበር ጠጕሩን ማበጠርም ሆነ ጥፍሩን መቍረጥ ተወ። ቅንዓቱ እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን ልኩን የሚያሳየው ጓደኛ በአጠገቡ አልነበረም።

ከዚያም ጭንቀት መጣበት። በሞንሰራት ኀጢአቱን ሁሉ ጽፎ ሦስት ቀን የፈጀ ኑዛዜ አድርጎ ነበር፤ ሆኖም ያልተናገርኩት ቀርቷል የሚል ሐሳብ ያሳድደው ጀመር። ደጋግሞ ቢናዘዝም ዕረፍት አላገኘም። ፈተናው እየበረታ ሄዶ በሚያድርበት ክፍል ወደ ነበረ ትልቅ ጕድጓድ ራሱን እንዲወረውር እስከ መገፋፋት ደረሰ። ራስን መግደል ኀጢአት መሆኑን አስቦ፣ እግዚአብሔርን የሚያሳዝን ነገር እንደማያደርግ እየጮኸ ተቋቋመው። እግዚአብሔር ዕረፍት እስኪሰጠው ድረስም ላለመብላትና ላለመጠጣት ወሰነ፤ ከእሑድ እስከ እሑድም ምንም ሳይቀምስ ቆየ።

በዚህ ጊዜ የረዳው ነገር ታላቅ ትምህርት ይሆነናል። ያደረገውን ለንስሐ አባቱ አልሰወረም። ካህኑም ጾሙን እንዲያቋርጥ አዘዙት፤ እርሱም ታዘዘ። ሁለት ቀን ቀለለው፣ በሦስተኛው ቀን ጭንቀቱ ተመለሰበት። ከዚያ በኋላ ግን ያለፈውን ኀጢአት እንደገና መናዘዝ እንዳይገባው በልቡ ተረዳ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም ነጻ ወጣ። ይህን ነጻነት ኢግናጥዮስ ዘወትር የእግዚአብሔር ምሕረት አድርጎ ይቈጥረው ነበር።

ከዚያ በኋላ አኗኗሩም ተስተካከለ። ለመተኛት ሲጋደም ታላላቅ መንፈሳዊ ሐሳቦች እየመጡ እንቅልፉን ይወስዱበት ነበር። ለጸሎት በቂ ሰዓት መመደቡን አስቦ፣ እነዚህ ሐሳቦች ከመልካም መንፈስ መሆናቸውን ተጠራጠረ፤ ትቷቸውም ተኛ። ሥጋ መብላት ጀመረ፤ ጠጕሩንና ጥፍሩንም ተቈረጠ። በክረምት በጽኑ በታመመ ጊዜ የከተማይቱ ሴቶች ሌሊቱን እየተፈራረቁ አስታመሙት፤ ወፍራም ልብስ፣ ጫማና ቆብም እንዲያደርግ ግድ አሉት። ብቻውን ሊቀደስ የመጣው ሰው በጎረቤቶቹ እጅ ዳነ።

እ.ኤ.አ. በ1528 ለትምህርት ወደ ፓሪስ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት በቅድስት ባርባራ ኮሌጅ ከጴጥሮስ ፋቭርና ከፍራንቸስኮስ ሳቬርዮ ጋር በአንድ ክፍል መኖር ጀመረ። ፋቭርም እንደ እርሱ በኅሊና ጭንቀት የሚሠቃይ ወጣት ነበር። ኢግናጥዮስ መንገዱን ስለሚያውቀው በትዕግሥት መራው። ነሐሴ 15 ቀን 1534 ሰባት ጓደኞች በሞንማርትር ስእለት አደረጉ፤ ማኅበሩንም ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 3ኛ በ1540 አጸደቁት።

የማንሬሳው ጾም ጤናውን ጎድቶት ስለ ነበር፣ አለቃ ከሆነ በኋላ ሌሎች በዚያ እንዳይወድቁ ተጠነቀቀ። በ1548 ለጋንዲያው መስፍን ለፍራንቸስኮስ ቦርጅያ በጻፈው መልእክት ጾሙን እንዲያላላ፣ ለጸሎት ከመደበው ሰዓትም ገሚሱን ለትምህርት፣ ለአስተዳደርና ለመንፈሳዊ ጭውውት እንዲያውለው መከረው። በመንፈሳዊ ልምምዶች መጽሐፉም በጨለማ ጊዜ ቀድሞ የወሰንነውን እንዳንለውጥ፣ ፈተናችንንም ለብልህ አባት እንድንገልጥ ያስተምራል፤ ጠላት የሚበረታው ነገሩ ተሰውሮ ሲቀር ነውና። ኢግናጥዮስ ሐምሌ 31 ቀን 1556 በሮም ዐረፈ፤ በ1622ም ቅድስናው ታወጀ።

እኛስ ከዚህ ምን እንማራለን? ጾምና ጸሎት የቤተ ክርስቲያን ሀብቶች ናቸው፤ ነገር ግን እንቅልፍ፣ ምግብና ወዳጅነትም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ናቸው። የአእምሮ ሕመም እንደ ሌላው ሕመም ሕመም ነው እንጂ የኀጢአት ምልክት አይደለም። እንቅልፍ ያጣ፣ መብል የተወ፣ ከሰው የራቀ ወንድም ስናይ ተጨማሪ ጾም ከማዘዛችን በፊት ቤቱ እንሂድ፤ አብረነው እንቀመጥ፤ እናዳምጠው። ወደ ካህንም ወደ ሐኪምም እናድርሰው፤ አንዱ ሌላውን አይተካምና። ስለ ሞት የሚናገር ከሆነ ደግሞ ከቶ ብቻውን አንተወው።

በየቁምስናችን ማንሬሳ ላይ ያለ ሰው አይጠፋም። ሌሊቱን ከእርሱ ጋር የሚነቁ እንደ እነዚያ ሴቶች ያሉ ጎረቤቶች እንድንሆን፣ በቅዱስ ኢግናጥዮስ አማላጅነት እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።