ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

የት/ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ለሚታተመው ለዚህ መጽሔት የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ በተነገረን ጊዜ ስለ ማን እንጻፍ ብለን ብዙ አልተጨነቅንም። ከእኛ ከቀራንዮ ተማሪዎች መካከል ወደፊት ምን ለመሆን ታስባላችሁ ተብለው ሲጠየቁ ሐኪም ለመሆን ብለው የሚመልሱት ጥቂቶች አይደሉም። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል ሆኖ የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል የሚገኘው በዚሁ በክፍለ ከተማችን፣ በዘነበወርቅ ነው። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ማየት ለእኛ ብርቅ አይደለም። ነገር ግን የሐኪምነት መንገድ ለኢትዮጵያዊ እንዴት እንደ ተከፈተ የምናውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዘመናዊ ሕክምና ሠልጥነው ሐኪም ከሆኑት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው የነበሩትን የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ መርጠናል።

ሐኪም ወርቅነህ የአዛዥ እሸቴ ልጅ ሲሆኑ የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ነው። ዕድሜያቸው አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ሞቱ። በዚያ ሁከት ውስጥ ሕፃኑ ከወላጆቹ ተለይቶ ቀረ። የእንግሊዝ መኮንኖች አገኙትና ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለው ይዞት ወደ ሕንድ አገር ሄደ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ኮሎኔል ቻምበርሌን ቢሞት፣ ሌላው መኮንን ኮሎኔል ማርቲን የትምህርቱን ወጪ ቻለለት። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም የወጣለት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ልጁ ወላጆቹን፣ አገሩን፣ ቋንቋውን፣ በመጨረሻም ስሙን አጣ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አላጣም፤ እርሱም ትምህርት ነው። በሕንድ አገር በሚሲዮን ት/ቤቶች ከተማሩ በኋላ በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገብተው እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቁ። በዚያን ጊዜ ገና የ18 ዓመት ወጣት ያህል ነበሩ። ከዚያም በኋላ በቃኝ አላሉም፤ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤዲንብራ ትምህርታቸውን በመቀጠል እ.ኤ.አ. በ1891 የሐኪምነትና የቀዶ ሕክምና ፈቃድ አገኙ። ከዚያም በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር የአውራጃ ሐኪም ሆነው ሠሩ።

በበርማ ደመወዝና ማዕረግ ነበራቸው። በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል ወሬ በዓለም ሲሰማ ግን የተወለዱባት አገር ትዝ አለቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1899 ፈቃድ አውጥተው በሐረር በኩል አዲስ አበባ ገቡ፤ ለዐፄ ምኒልክም ቀረቡ። የጠፋው የመቅደላ ልጅ መጣ መባሉ ሲሰማ፣ አያታቸው መጥተው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሰውነቱ ላይ በነበረው ጠባሳ ለዩት። ስሙ ወርቅነህ፣ አባቱም አዛዥ እሸቴ መሆኑን በዚያን ጊዜ አወቀ። ሠላሳ ዓመት ያህል የሰው ስም ይዞ የኖረ ሰው የራሱን ስም ሲሰማ ምን እንደ ተሰማው፣ አንባቢ በልቡ ያስበው።

ሐኪም ወርቅነህ በዚያ ጊዜ አማርኛ አያውቁም ነበር። ሐኪም ደግሞ ሕመምተኛው የት ላይ እንደሚያመው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያመው ጠይቆ ካልተረዳ በስተቀር ሙያው ግማሽ ነው። ስለዚህ በሰላሳ አምስት ዓመታቸው ገደማ የገዛ ቋንቋቸውን እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው ተማሩ። ኋላም በዚሁ ቋንቋ የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሱ። እኛ አንድ ትምህርት ከበደን ብለን ስንተወው ይህን ብናስታውስ መልካም ነው።

ሁሉም ነገር ግን በአንድ ጊዜ አልተሳካም። ሐኪም ወርቅነህ የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኛ ስለ ነበሩ እንደገና ወደ በርማ መመለስ ግድ ሆነባቸው። እ.ኤ.አ. በ1908 የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው መጡ፤ በአገራቸውም ትዳር መሠረቱ። ዳግመኛ ወደ በርማ ሄደው ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1919 ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ በአገራቸው ለመኖር ወስነው መጡ። ይህን የጻፍነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬም ብዙ ሐኪሞቻችን ለትምህርት ወይም ለእንጀራ ባሕር ይሻገራሉ። እኛም በመካከላችን በዚህ ነገር ተከራክረናል፤ አንዳንዶቻችን መሄዱን ነቀፍን፣ አንዳንዶቻችን ደግፈን ተናገርን። የሐኪም ወርቅነህ ታሪክ ግን የሄደን ሰው ቶሎ እንዳንፈርድበት፣ የተማረም ሰው የመመለሻውን መንገድ እንዳይዘነጋ ያስተምረናል።

ከተመለሱ በኋላ ሕክምና ብቻ አልሠሩም። በአዲስ አበባ ፍልውሃን አስተዳደሩ፤ መንገድ አሠሩ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ት/ቤት በበላይነት መሩ፤ ነፃ ለወጡ ባሮች ልጆችም ት/ቤት አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1927 ስለ ጣና ግድብ ጉዳይ ወደ አሜሪካ ተልከው ሳለ ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን መጥተው በኢትዮጵያ እንዲሠሩ ጋበዙ። ከዚያም የጨርጨር ገዥ፣ ኋላም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን ስትወር ስለ ኢትዮጵያ በለንደን የተሟገቱት እርሳቸው ናቸው።

በዚህ ዘመን የደረሰባቸው ኀዘን ከሁሉ የከበደ ነበር። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ ወደ አገራቸው ተመልሰው ከጥቁር አንበሳ ማኅበር አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ ሁለቱም ተገደሉ። አባት በሕፃንነቱ በጦርነት ወላጆቹን ያጣ ሲሆን በሽምግልናው ደግሞ በጦርነት ልጆቹን አጣ። ይህም ሆኖ ጠላት ከተባረረ በኋላ ሐኪም ወርቅነህ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ሐኪም ወርቅነህ ባረፉ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1947 ዓ.ም. በተወለዱበት በጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሥራውን ጀመረ። ዛሬ የዚህ ፋኩልቲ ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት ሆስፒታል የሚጠራው ልጆቻቸው በተሰለፉበት ማኅበር ስም ጥቁር አንበሳ ተብሎ ነው። እርሳቸው ላሆርና ኤዲንብራ ድረስ ሄደው ያገኙትን ትምህርት፣ ከቀራንዮ የተነሣ ተማሪ ዛሬ በከተማ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሊደርስበት ይችላል።

መንገዱ ቀረበ ማለት ግን ቀለለ ማለት አይደለም። በዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ስድስት ዓመት ያህል ይወስዳል፤ ከዚያ ውስጥ የመጨረሻው ጊዜ ሌሊትና ቀን በሆስፒታል ከሕመምተኛ አጠገብ የሚያልፍ ነው። መሠረቱ የሚጣለው ግን እዚህ ነው። ባዮሎጂና ኬሚስትሪን ከልብ ማጥናት፣ ቋንቋን አጥርቶ ማወቅ፣ ንጽሕናንና የራስን ጤና መጠበቅ፣ በቤት የታመመ ቢኖር ሳይሰለቹ ማስታመም የሐኪምነት መጀመሪያዎች ናቸው። ወላጆቻችንም ፊደል ላስቆጠሩንና መብራት አብርተው ላስጠኑን ምስጋናችን ይድረሳቸው፤ ሐኪም ወርቅነህ ይህን ዕድል ከወላጆቻቸው አላገኙም።

እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ከመካከላችን ሐኪም የሚሆን ቢገኝ፣ ሙያው የብቻው ሀብት ሳይሆን በእጁ የተቀመጠ የወገን አደራ መሆኑን ያስብ። አደራውንም ጠፍቶ የተገኘው የመቅደላ ልጅ እንዳደረገው በጊዜው ይመልስ።