ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስና ያልተወዳደሩበት ምርጫ፦ ከከሚሴ አንጻር የቀረበ አጭር የሕይወት ታሪክ

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የመድብለ ፓርቲ ፓርላማ ምርጫ በ1987 ዓ.ም. ሲካሄድ፣ በወቅቱ ከታወቁት የተቃውሞ መሪዎች አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በእስር ላይ ነበሩ፤ ድርጅታቸውም ራሱን ከምርጫው አግልሎ ነበር። ይህ ጽሑፍ የእኚህን ምሁር ሕይወት በአጭሩ ይዳስሳል፤ ከምርጫ መውጣት የተለያዩ ሕዝቦች አብረው በሚኖሩበት እንደ ከሚሴ ባለ አካባቢ ምን ትርጉም እንደነበረውም ይመረምራል።

አሥራት በ1920 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በፋሺስት ጣሊያን ስለተገደሉ ያደጉት በድሬዳዋ ነው። በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በግብፅ በቪክቶሪያ ኮሌጅ ተምረው በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። በቀዶ ሕክምና ከሠለጠኑ በኋላ የአዲስ አበባውን የሕክምና ፋኩልቲ ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ፤ በዲንነትም መሩት።

ወደ ፖለቲካው መድረክ የገቡት በስድሳዎቹ ዕድሜያቸው ነው። በሰኔ 1983 ዓ.ም. በተካሄደው የሽግግር ጉባኤ ዩኒቨርሲቲውን ወክለው ተገኙ። የኤርትራን መገንጠል የሚያጸድቅ ውሳኔ ለማሳለፍ ከሕዝብ የተሰጠ ውክልና እንደሌለ በመግለጽም ተቃወሙ። በአርባ ጉጉና በሌሎች አካባቢዎች በአማሮች ላይ ግድያና መፈናቀል ሲደርስ፣ በጥር 1984 ዓ.ም. የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅትን (መአሕድ) መሠረቱ። የፖለቲካ ሕይወታቸው ተቃርኖ የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ አገሪቱ በብሔር መዋቀሯን የሚቃወሙት መሪ፣ ሕዝባቸውን ለመከላከል በብሔር ስም የተሰየመ ድርጅት መምራት ግድ ሆነባቸው።

በዚያው ዘመን በተሠራው አዲስ የአስተዳደር ካርታ ከሚሴ በአማራ ክልል ውስጥ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ሆነች። ዞኑ ኦሮሞዎች፣ አማሮችና አርጎባዎች በገበያ፣ በጋብቻና በሃይማኖት ተሳስረው የሚኖሩበት ነው። የብሔር ስም ለያዘ ማንኛውም ፓርቲ እንዲህ ያለው ስፍራ ከባድ ፈተና ነው፤ አንዱን ጎረቤት ወክሎ ለመቆም ሲነሣ ሌላውን በምን ቃል እንደሚያነጋግር መመለስ ይኖርበታልና።

ፈተናው ግን በድምፅ መስጫ ሣጥን አልታየም። በሰኔ 1984 ዓ.ም. በተደረገው የክልል ምርጫ መአሕድም ሆነ የኦሮሞ ነጻነት ግንባር ከውድድሩ ወጡ። ምክንያታቸው ነጻና እኩል የመወዳደሪያ ሜዳ የለም የሚል ነበር፤ ለዚህም የአባላት መታሰርንና የጽሕፈት ቤቶች መዘጋትን ይጠቅሱ ነበር። ሁለቱም በ1987ቱ የፓርላማ ምርጫ አልተሳተፉም። በመሆኑም አማራና ኦሮሞ አብረው በሚኖሩበት አካባቢ፣ በሁለቱም ሕዝቦች ስም ገዥውን ግንባር ሊገዳደሩ ይችሉ የነበሩት ዋነኛ ድርጅቶች በአንድ ጊዜ ከመራጩ ፊት ጠፉ። ኢሕአዴግም ከ547ቱ መቀመጫዎች አብዛኞቹን ያዘ።

ፕሮፌሰር አሥራት በ1985 ዓ.ም. ከአርባ በላይ ከሚሆኑ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር ከሥራ ተሰናበቱ። በሰኔ 1986 ዓ.ም. የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ከከሚሴ ጋር በአንድ አውራ ጎዳና በተሣሠረችው በደብረ ብርሃን ባደረጉት ንግግር ምክንያትም ተጨማሪ ቅጣት ተጣለባቸው። ጤናቸው በእስር ቤት ክፉኛ ታወከ። በ1991 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ለሕክምና ተለቀው ወደ አሜሪካ ቢሄዱም፣ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ አረፉ።

የመሠረቱት ድርጅት ከሞታቸው በኋላ ስሙን ወደ መላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅት (መኢአድ) ለወጠ። በቅንጅት ውስጥም ሆኖ በግንቦት 1997 ዓ.ም. ለምርጫ ቀረበ፤ ቅንጅቱ 109 የፓርላማ መቀመጫዎችን እንዳገኘ ተገለጸ። የስም ለውጡ የመሥራቹን ተቃርኖ ለመፍታት የተደረገ ሙከራ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ከዚህ ሕይወት የሚገኘው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። መሪው በእስር፣ አባላቱ በስደት ባሉበት ጊዜ ራስን ከምርጫ ማግለል ሂደቱ ፍትሐዊ አለመሆኑን የሚመሰክር አቋም ነበር፤ ያለ ዕዳ ግን አልነበረም። ዕዳው የተከፈለው በድርጅቶቹ ብቻ ሳይሆን፣ የመምረጥ መብት ተሰጥቶት አማራጭ ባጣው ዜጋም ጭምር ነው። ስለ ሽግግሩ ዘመን ምርጫዎች የሚደረግ ጥናት የፓርቲዎችን ውሳኔ ከማዕከል ብቻ ሳይሆን፣ ከከሚሴ መራጭ ደጃፍም ሊመዝነው ይገባል።