ኢርቪንግ ላንግሚዩር፦ በብረት ላይ ወንበር የቆጠረው ሳይንቲስት

ለመሆኑ ጋዝ ከብረት ጋር ሲገናኝ ምን ይሆናል? እንደ ጉም ዝም ብሎ ያንዣብብበታል ወይስ ይጣበቅበታል? ይህን ጥያቄ በመፍታት ግንባር ቀደም ከሆኑት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ኢርቪንግ ላንግሚዩር ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ላንግሚዩር በ1881 በብሩክሊን ተወለደ። በ1903 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በብረታ ብረት ምህንድስና ተመረቀ፤ በ1906 ደግሞ ጀርመን አገር በጌቲንገን የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ከዚያም በኒው ጀርሲ እስከ 1909 ኬሚስትሪ አስተማረ። እኛ የምንሠለጥንበትን ሙያ ቀምሶታል ማለት ነው። በ1909 ስኬነክታዲ ከተማ ወደሚገኘው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ላቦራቶሪ ገባ።

በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ አምፑል ውስጡ ቶሎ እየጠቆረ ያስቸግር ነበር። ብዙዎች ጥፋቱን በውስጡ በቀረው አየር ላይ አሳበቡ። ላንግሚዩር ግን ዋናው ምክንያት የጋለው የተንግስተን ሽቦ መትነኑ እንደሆነ አረጋገጠ። አምፑሉ በናይትሮጂን፣ ኋላም በአርጎን ሲሞላ ትነቱ ቀነሰ።

ይሁን እንጂ ሰውየው በዚህ አልቆመም። ጋዞች ከሽቦው ጋር የሚያደርጉትን ሲመረምር፣ የብረት ገጽ እንደ ክፍል ወንበር የተወሰነ ቦታ እንዳለው ገመተ። አንድ ወንበር አንድ ሞለኪውል ብቻ ይይዛል፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል። በ1918 ይህንን በሒሳብ ቀመር ገለጸው። ወንበሮቹ ባዶ ሲሆኑ የጋዙን ግፊት እጥፍ ብናደርግ የተቀማጩም ቁጥር ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሊሞሉ ሲቃረቡ ግን ግፊት መጨመሩ እምብዛም ለውጥ አያመጣም።

በ1922 ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የፕላቲኒየምን ወንበሮች ይዞ ኦክስጂንን እንደሚከለክል አሳየ። ይህ ጋዝ እኮ ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ሰው የሚገድለው ነው! በደማችንም ውስጥ እንዲሁ ከብረት አቶም ጋር ተጣብቆ የኦክስጂንን ቦታ ይቀማል።

ላንግሚዩር በ1932 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ በ1957 አረፈ። ታዲያ ቀመሩ ሁሉም ወንበር እኩል ነው፣ ጎረቤትም ጎረቤትን አይገፋም ብሎ የተነሣ ነው። ሞለኪውሉ በምን እንደሚጣበቅም አይናገርም። ይህን ሌሎች ቀጠሉበት። በ1964 ጆርጅ ብላይሆልደር፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ለብረቱ ኤሌክትሮን እንደሚሰጥና ከብረቱም መልሶ እንደሚቀበል አስረዳ። የተቀበለው ኤሌክትሮን በካርቦንና በኦክስጂን መካከል ያለውን ማሰሪያ ያላላል። ማሰሪያው እንደ ሞላ ስለሚርገበገብ፣ ሲላላ ርግብግቡ ይቀንሳል። ነጻው ጋዝ በኢንፍራሬድ ሲለካ በሴንቲሜትር 2143 ሞገድ ያህል ነው። በአንድ የፕላቲኒየም አቶም አናት ላይ ሲቀመጥ ወደ 2100፣ በሁለት አቶሞች መካከል ሲሆን ወደ 1850 ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ዛሬ ተመራማሪዎች ከርግብግቡ ተነሥተው ሞለኪውሉ የትኛው ወንበር ላይ እንዳለ ይለያሉ።

እንግዲህ እኛ ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ላይኖረው ይችላል። ወንበርና ተማሪ ግን አይጠፋም። ጥቂት ወንበር ደርድረን ተማሪዎቹን እያስነሣንና እያስቀመጥን የላንግሚዩርን ሐሳብ ማሳየት እንችላለን። ከዚያም ምሳሌው የቱ ላይ እንደማይሠራ ራሳቸው ተማሪዎቹ ይፈልጉ። ትምህርቱ ያኔ ይጠነክራል።