አጥብቆ መዝጋትና በቀላሉ መክፈት፦ የጆን ላንዲስ ሜሰን ሕይወትና የጠርሙስ ክዳን

ከምግብ ማስቀመጫ ጠርሙስ ክዳን እርስ በርስ የሚጋጩ ሁለት ተግባራት ይጠበቃሉ። አንደኛው አየር እንዳይገባ አጥብቆ መዝጋት ነው፤ ሁለተኛው ተጠቃሚው በፈለገ ጊዜ ያለ ብዙ ድካም መከፈት ነው። የመጀመሪያው በተሟላ ቁጥር ሁለተኛው ይከብዳል። ይህ አጭር ጽሑፍ የአሜሪካዊውን ፈልሳፊ የጆን ላንዲስ ሜሰንን ሕይወት ተከትሎ ግጭቱ እስከ ምን ድረስ እንደተፈታና ለኋለኞቹ ምን እንደቀረ ይመረምራል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሜሰን በፊት

ሜሰን በ1832 ተወለደ፤ ሙያው ቆርቆሮ ሠሪነት ነበር። እርሱ ከመወለዱ በፊት ፈረንሳዊው ጣፋጭ ሠሪ ኒኮላ አፔር ምግብን በብርጭቆ ዕቃ አሽጎ በፈላ ውኃ ውስጥ በማቆየት ከብልሽት መጠበቅ እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። አፔር ለዚህ ሥራው ከመንግሥቱ 12,000 ፍራንክ ተሸልሞ ዘዴውን በ1810 በመጽሐፍ አሳተመ። ማሸጊያው ግን በሽቦ የታሰረ ቡሽ ነበር። በአሜሪካ ቤቶች ደግሞ በጠርሙሱ አፍ ዙሪያ በተበጀ ቦይ ላይ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ክዳን ይቀመጥና የቀለጠ ሰም ይፈስበት ነበር።

የሰም አስተሻሸግ ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። ሰሙ ከተሰነጠቀ አየር ይገባና የወቅቱ ፍሬ በሙሉ ይበላሻል። በደንብ ከያዘ ደግሞ ክዳኑን ለማንሳት ሰሙን መስበር ግድ ነው፤ ስባሪው ወደ ምግቡ ሊገባ ይችላል፤ መልሶ ለማሸግም አዲስ ሰም ማቅለጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ መክፈት ማለት ማሸጊያውን ማጥፋት ነበር። የሜሰን ሥራ ዋጋ የሚታየው ከዚህ አንጻር ነው።

የ1858 ፓተንት

ሜሰን በ26 ዓመቱ፣ ኅዳር 30 ቀን 1858 (በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር) ቁጥሩ 22,186 የሆነ የአሜሪካ ፓተንት ተሰጠው። የፓተንቱ ጉዳይ ጥርስ ያለው የጠርሙስ አንገት ነበር። የብሎን ጥርስ በጊዜው አዲስ ነገር አልነበረም፤ አስቸጋሪው ጥርሱን በብርጭቆ ላይ አስተማማኝ አድርጎ ማውጣት ነበር። በፎርማ ውስጥ የተነፋ ጠርሙስ ከመንፊያው ቧንቧ ሲለይ የአፉ ጠርዝ ሸካራ ይሆናል፤ በእንዲህ ያለ ጠርዝ ላይ ክዳን እኩል አይገጥምም።

የሜሰን መፍትሔ ጥርሱ ከላይም ከታችም ቀስ በቀስ እየሳሳ እንዲጠፋ ማድረግ ነበር። በዚህም ክዳኑ ሳይያዝ እስከ ታች ይወርድና ከጥርሱ በታች ባለው የጠርሙሱ ትከሻ ላይ ያርፋል። ጥብቀቱ የሚገኘው ከትከሻው ስለሆነ የጠርዙ ሸካራነት ማሸጉን አያውክም። በኋላ በተስፋፋው አሠራር በዚንክ ክዳኑና በትከሻው መካከል የጎማ ቀለበት ይገባል፤ ይህም የቻርልስ ጉድይር የጎማ ማጠንከሪያ ዘዴ በ1844 ፓተንት ካገኘ በኋላ የመጣ ዕድል ነው። ክዳኑ በእጅ ይጠበቃል፣ በእጅ ይፈታል፣ ደግሞም ያገለግላል። መክፈት ማሸጊያውን ማጥፋት መሆኑ በዚህ ቀረ።

የጠፋው መብት

ሜሰን የመጀመሪያውን ፓተንት ቢያገኝም የፍሬ ጠርሙሱን ማሻሻያዎች በወቅቱ አላስመዘገበም። በ1859 የተሻሻሉ ጠርሙሶችን አሠርቶ ጥቂቶቹን ለሰዎች ሰጠ፣ ጥቂቶቹንም ሸጠ። የፓተንት ማመልከቻውን ያቀረበው ግን በ1868 ነበር፤ ፓተንቱም በ1870 ተሰጠው። መብቱ ኮንሶሊዴትድ ፍሩት ጃር ወደተባለው ኩባንያ ከተላለፈ በኋላ ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1876 የ1870ው ፓተንት ዋጋ የለውም ሲል ወሰነ። ምክንያቱም ሕጉ ከማመልከቻው በፊት ከ2 ዓመት በላይ በይፋ የተሸጠን ወይም ጥቅም ላይ የዋለን ፈጠራ አይጠብቅም ነበር። በ1859 ከእጁ የወጡት ጥቂት ጠርሙሶች የአንድ ፓተንት መጥፊያ ሆኑ።

የ1858ቱ ፓተንትም በ1879 ዘመኑ አበቃ፤ ጠርሙሱንም ማንም ሊሠራው ቻለ። የቦል ወንድማማቾች በ1884 የብርጭቆ ጠርሙስ ማምረት ጀምረው ስማቸውን በአሜሪካ ማድ ቤቶች አስተዋወቁ። የሜሰን ስምና የፓተንቱ ቀን መብቱ ካበቃ በኋላም ለረጅም ዘመን በጠርሙሶች ላይ በጉልህ ይወጣ ነበር፤ ባለቤቱ ግን በ1902 በኒው ዮርክ በድህነት ሞተ።

ያልተፈታው ክፍል

የሜሰን ክዳን ሰሙን ቢያስቀርም አዲስ ችግር ይዞ መጣ። ትኩስ ምግብ የያዘ ጠርሙስ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ ውኃ ይለወጣል፤ የውስጡ ግፊት ሲቀንስ የውጭው አየር ክዳኑን ይጫነዋል። የሚከተለው ቀላል ስሌት መጠኑን ያሳያል። የክዳኑ ዲያሜትር 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 38 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የውስጡ ግፊት ወደ ግማሽ ቢወርድ በክዳኑ ላይ የሚያርፈው ኃይል 195 ኒውተን፣ ማለትም የ20 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይሆናል። በጎማውና በክዳኑ መካከል ያለው የሰበቃ መጠን 0.5 ነው ብንል፣ ይህን ኃይል ብቻ ለማሸነፍ 3.4 ኒውተን ሜትር የሚያህል የመጠምዘዝ ጉልበት ያስፈልጋል። በጥርሱ መካከል የገባ ስኳርና ዝገት ሲጨመርበት ሥራው ይብሳል፤ እጁ ለደከመ አረጋዊ ደግሞ የማይቻል ሊሆን ይችላል።

ከሜሰን በኋላ የመጡት ማሻሻያዎች ይህን ክፍል በየፊናቸው ነክተውታል። ሉዊስ ቦይድ በ1869 የዚንኩን የውስጥ ገጽ በብርጭቆ ሸፈነ፤ ይህ ምግቡን ከብረቱ ለየው እንጂ አከፋፈቱን አላቀለለም። ሄንሪ ፑትናም በ1882 ለፍሬ ጠርሙስ ያዋለው የሽቦ መቆለፊያ መጠምዘዝን ጨርሶ አስቀረ። አሌክሳንደር ከር በ1915 ያቀረበው ክዳን ደግሞ ሁለቱን ተግባራት ለሁለት አካላት አከፋፈለ፦ ማሸጊያ የተለጠፈበት ጠፍጣፋ ክዳን አየርን ይከለክላል፤ ጥርስ ያለው ቀለበት ክዳኑን እስኪያሽግ ድረስ ይይዛል። ቀለበቱ ከተፈታ በኋላ የክዳኑን ጠርዝ በአንድ ጎን ማንሳት ብቻ ይበቃል፤ ጥቂት አየር እንደገባ የግፊቱ ልዩነት ይጠፋል። ሆኖም ጠፍጣፋው ክዳን ለማሸግ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ በመሆኑ፣ ሜሰን ያስገኘው የክዳን ዳግም አገልግሎት በከፊል ቀርቷል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሕይወት ለዲዛይን ተመራማሪ ሁለት ቁም ነገሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ በቀላሉ መከፈት የሚገኘው ጥርሱን በማሻሻል ብቻ ሳይሆን አየር አስቀድሞ የሚገባበትን መንገድ በማበጀት መሆኑ ነው። ስለዚህ የማንኛውም አዲስ ክዳን ሙከራ የማሸግ ብቃቱን በሚለካበት ጥንቃቄ የመክፈቻ ጉልበቱንም፣ በደካማና በረጠበ እጅ ጭምር፣ ሊለካ ይገባል። ሁለተኛው፣ ናሙናን ለሰው መስጠትም ሆነ መሸጥ በሕግ ፊት የሚቆጠር ቀን ያለው ድርጊት መሆኑ ነው። ሜሰን የክዳኑን ጥርስ በሚገባ ቀርጿል፤ የማመልከቻውን ቀን ግን አሳልፏል፤ በዚህም በሥራው ሌሎች ሲበለጽጉ እርሱ ባዶ እጁን ቀረ።