ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፤ ቀረጥን ማን ይወስን?

ከውጭ ሀገር ዕቃ አስገብቶ በጉምሩክ መስኮት ፊት የሚቆም ዜጋ ሁለት ጥያቄዎች ወደ አእምሮው መምጣታቸው አይቀርም። አንደኛው የተጠየቀው ቀረጥ ለምን ይህን ያህል ሆነ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይህን መጠን የወሰነው ማን ነው የሚል ነው። እነዚህ ጥያቄዎች አዲስ አይደሉም። ከመቶ ዓመት በፊት በሀገራችን መኳንንትን፣ ነጋዴዎችንና የውጭ መንግሥታት መልእክተኞችን ያከራከሩ ነበሩ። በዚያ ክርክር ውስጥ ከሁሉ ይልቅ በጥልቀት ካሰቡት ኢትዮጵያውያን አንዱ ራሳቸው የጉምሩክ ሹም የነበሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። የንግድና የቀረጥ አገልግሎት የሚፈልጉ ተገልጋዮቻችን የዛሬው አሠራር ከየት እንደመጣ እንዲረዱ የእኚህን ሰው የሕይወት ታሪክ እንደሚከተለው አቅርበናል።

ልጅነትና ትምህርት

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአድዋ አቅራቢያ በምትገኘው ማይ ምሻም ተወለዱ። አባታቸው የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ወታደር ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በወደቁበት በ1881 ዓ.ም. በመተማው ጦርነትም ሕይወታቸው አለፈ። ሕፃኑ ገና የሦስት ዓመት ገደማ ነበሩ። የአባታቸው ሞት ከብቶችን ከፈጀው በሽታና ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ ከሚጠራው ረሃብ ጋር ተከታትሎ ስለመጣ በሰሜኑ የሀገሪቱ ክፍል የኑሮ መሠረት ፈርሶ ነበር። ብዙ ሰዎችም እንጀራ ፍለጋ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይሰደዱ ነበር።

ገብረ ሕይወትም በልጅነታቸው ወደ ኤርትራ ተሻግረው በምፅዋ አቅራቢያ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላ የሆነው በሰፊው የሚተረክ ነው። በምፅዋ ወደብ መርከብ ለመጎብኘት እንደወጡ መርከቡ ይዟቸው ሄደ፤ የመርከቡ አዛዥም አውሮፓ ሲደርስ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ በአደራ ሰጣቸው። በዚያ አድገው የጀርመንኛ ቋንቋን አጠኑ፤ በበርሊንም የሕክምና ትምህርት ተከታተሉ። የድሃ ሀገር ልጅ ሆነው በበለጸገ ሀገር ማደጋቸው አንድ ጥያቄ በልባቸው እንዲተከል አደረገ። አንዱ ሕዝብ ሌት ተቀን ደክሞ ድሃ የሚሆነው፣ ሌላው በአነስተኛ ድካም ባለጸጋ የሚሆነው ስለምን ነው? የቀረው ዕድሜያቸው ለዚህ ጥያቄ መልስ በመፈለግ አለፈ።

ወደ ሀገር መመለስና የቤተ መንግሥት አገልግሎት

ገብረ ሕይወት ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነው አገለገሉ። ጊዜው የሀገሪቱ አስተዳደር አዲስ መልክ መያዝ የጀመረበት ነበር። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ተሾሙ። የንግድና የውጭ ጉዳይ ሥራም የነጋድራስነት ማዕረግ ለነበራቸው ለኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ተሰጠ። ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ በጥንት ጊዜ የሲራራ ነጋዴዎችን አለቃ የሚያመለክት ሲሆን፣ በዚህ ዘመን ግን የገበያና የቀረጥ ሹም ማለት ሆኖ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ በታመሙ ጊዜ ቤተ መንግሥቱ በሽኩቻ ተከፋፈለ፤ ገብረ ሕይወትም ለጥቂት ጊዜ ከሀገር ወጥተው ቆዩ። በ1904 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው በአስመራ ታተመ። በዚህ ጽሑፍ የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ የግል ሀብት እንዲለይ፣ ግብር በተወሰነ መጠን እንዲከፈል፣ ሕግ ተጽፎ እንዲታወቅና ትምህርት እንዲስፋፋ አሳሰቡ። ጽሑፉ የሹማምንትን ጥፋት በግልጽ የሚነግር ስለነበር በጊዜው እንዲህ ዓይነት ነገር መጻፍ ቀላል ድፍረት አልነበረም።

ክርክሩ ምን ነበር?

የዚያን ጊዜውን የቀረጥ ክርክር ለመረዳት ሁለት ነገሮችን ነጥሎ ማየት ያስፈልጋል፤ በሀገር ውስጥ የነበረውን የኬላ ቀረጥና በውጭ ንግድ ላይ የተጣለውን የውል ገደብ።

በሀገር ውስጥ አንድ ነጋዴ ቡናውን ወይም ቆዳውን በአጋሰስ ጭኖ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲያልፍ በየኬላው ይቀረጥ ነበር። የየግዛቱ ገዥ ለወታደሩና ለአስተዳደሩ የሚያውለው ደመወዝ ከማዕከል ስለማይላክለት ኬላው አንዱ የገቢ ምንጩ ነበር። ገዥዎቹ ኬላው ቢነሣ በምን እናስተዳድር ማለታቸው ከነበረው ሥርዓት አንጻር መሠረት የሌለው አልነበረም። በሌላ ወገን ግን አንድ ዕቃ መድረሻው ሳይደርስ ደጋግሞ ስለሚቀረጥ ገበሬው የሚያገኘው ዋጋ ይቀንሳል፤ የገዢው ወጪም ይጨምራል።

በውጭ ንግድ ረገድ የነበረው ችግር የተለየ ነበር። በጥር 1900 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ፈረንሳይ በአዲስ አበባ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ውሉ በፈረንሳዩ መልእክተኛ ስም የክሎቡኮቭስኪ ውል ተብሎ ይታወቃል። በዚህ ውል መሠረት ወደ ኢትዮጵያ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከዕቃው ዋጋ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ወይን፣ ሻምፓኝና ቢራን ለመሳሰሉ መጠጦች ደግሞ መጠኑ 8 በመቶ ሆነ። ሌሎች መንግሥታትም ለፈረንሳይ የተፈቀደው ለእኛም ይገባል በማለት የውሉ ተጠቃሚ ሆኑ።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እናስረዳ። ዋጋው 100 ብር የሆነ ጨርቅ ሲገባ መንግሥት እስከ 10 ብር ሊቀርጥ ይችላል። ዋጋው 100 ብር የሆነ ሻምፓኝ ሲገባ ግን ከ8 ብር በላይ ሊቀበል አይችልም። መንግሥት ለሕዝቡ የሚጠቅመውን ዕቃ አርክሶ፣ የቅንጦቱን አስወድዶ ለማስገባት ቢፈልግ እጁ በውሉ ታስሯል።

የውሉ ደጋፊዎችም የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ቀረጥ በየጊዜው እንደ ሹሙ ፈቃድ ከፍና ዝቅ በሚልበት ሀገር ነጋዴ አስቀድሞ ሊያሰላው የሚችል የታወቀ መጠን ያስፈልገዋል። ቀረጥ ሲከብድም አቡጀዲ የሚገዛው ድሃ ይጎዳል። ስለዚህ ክርክሩ በክፉና በደግ ሰዎች መካከል የተደረገ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ወገን እውነተኛ ችግር ይዞ የቀረበበት ነበር።

በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹምነት

ገብረ ሕይወት ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ የተማሩት አይደለም። በኋለኛው የአገልግሎት ዘመናቸው በአዲስ አበባና በጅቡቲ የባቡር መሥመር ላይ በተቆጣጣሪነት ሠርተዋል፤ በድሬዳዋም የጉምሩክ ሹም ሆነዋል። ድሬዳዋ የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የሀገሪቱ የውጭ ንግድ ትልቁ በር ስለነበረች ቡናና ቆዳ ሲወጣ፣ ጨርቅና ልዩ ልዩ የፋብሪካ ዕቃ ሲገባ ነጋድራሱ በየቀኑ ያዩ ነበር።

ያዩት ነገር ወደ አንድ መደምደሚያ አደረሳቸው። የሚወጣው ዕቃ የብዙ ሰው ድካም ያለበት ሆኖ ሳለ ዋጋው አነስተኛ ነው፤ የሚገባው ግን በመኪና የተሠራ፣ የጥቂት ሰው ድካም ያለበት ሆኖ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። በእሳቸው ትንታኔ የሀብት ምንጭ ሥራ ነው፤ የሥራን ፍሬ የሚያበዛው ደግሞ ዕውቀት ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ጋር ሲገበያይ ትርፉ ወደ ዐዋቂው ያጋድላል። ባቡሩም ቢሆን ሕዝቡ ካልተማረ የባዕድ ሸቀጥ ማስገቢያና የሀገር ጥሬ ሀብት ማውጫ ከመሆን አያልፍም።

ከዚህ የተነሣ ቀረጥን የገንዘብ መሰብሰቢያ ብቻ አድርገው አላዩትም። በአግባቡ ከተያዘ ገና ሥራ የሚለምድ ሕዝብ እጁን እስኪያፍታታ ድረስ የሚጠለልበት አጥር ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ። ይሁን እንጂ ሀገሪቱ በሯን ዘግታ ትቀመጥ የሚል አቋም አልነበራቸውም። በምሳሌነት የሚያነሷት ጃፓን የበለጸገችው ከሌሎች ተለይታ ሳይሆን ከሌሎች ተምራ ነበር። አጥሩ ትምህርትና ሥራ ካልታከለበት ለሕዝቡ የሚተርፈው የዕቃ መወደድ ብቻ መሆኑንም ከአስተሳሰባቸው መረዳት ይቻላል።

ሞታቸውና ከሞታቸው በኋላ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ። ዋናው ሥራቸው የሆነው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የታተመው ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። በድሃና በባለጸጋ ሀገሮች መካከል ያለው የንግድ ሚዛን ወደ አንድ ወገን ያጋድላል የሚለው ሐሳብ በዓለም የምጣኔ ሀብት ምሁራን ዘንድ በሰፊው መነጋገሪያ የሆነው ከሌላ ሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ መሆኑን ስናስብ አርቆ አስተዋይነታቸው ይታወቀናል።

ክርክሩ ግን በሞታቸው አልቆመም። መንግሥት በ1923 ዓ.ም. በዕቃዎች ላይ የፍጆታ ግብር የሚጥል ሕግ ሲያወጣ የውጭ ሌጋሲዮኖች የ1900ውን ውል ይጥሳል በማለት ተቃወሙ። የመንግሥት ሐሳብ በጉምሩክ ቀረጥ ላይ የተጣለውን ገደብ ሳይነካ ገቢ የሚያገኝበትን ሌላ መንገድ መክፈት ነበር። ኢትዮጵያ ከፋሺስት ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ ባወጣቻቸው አዋጆች የጉምሩክ ቀረጧን በራሷ ሕግ መወሰን ቻለች።

ለዛሬው ተገልጋይ ምን ትርጉም አለው?

ጥያቄው ዛሬም በሌላ መልክ ይመለሳል። ሀገሮች በኢኮኖሚ ማኅበር ሲተሳሰሩ ቀረጣቸውን ለመቀነስ ይስማማሉ፤ በዚያው ልክ ብቻቸውን የመወሰን ነጻነታቸው ይቀንሳል። አባል መሆን ወይስ ከማኅበሩ መውጣት ይሻላል የሚለው ክርክር በልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች ሕዝብን የሚያከራክረው በዚህ ምክንያት ነው። ኢትዮጵያም የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ አባል ናት፤ የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነትንም በ2011 ዓ.ም. አጽድቃለች። ዕቃው ያለ ቀረጥ ገበያ የሚያገኝለት አምራች ስምምነቱን ይደግፋል፤ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ የሚወዳደር አምራች ደግሞ ሊሠጋ ይችላል። ሁለቱም ሊደመጡ ይገባል።

የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ሕይወት በዚህ ክርክር ለአንዱ ወገን ድል አይሰጥም። የሚያስተምረን ከዚያ የቀደመ ነገር ነው። ቀረጥ ከፍ ማለቱ ወይም ዝቅ ማለቱ ብቻውን ሀገርን አያበለጽግም፤ ወሳኙ የሚወስነው አካል የሚያደርገውን ማወቁ፣ የሚከፍለውም ሕዝብ ምክንያቱን መረዳቱ ነው። በ1900ው ውልና በዛሬዎቹ ስምምነቶች መካከል ያለው ልዩነትም የሚለካው ወደ ድርድሩ ይዘነው በምንገባው ዕውቀት ነው።

ስለሆነም ክቡራን ተገልጋዮች ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ዕቃው በታሪፍ መጽሐፍ የተመደበበትን ክፍልና የቀረጡን መጠን እንድትጠይቁ፣ ዕቃው በንግድ ስምምነት ቅናሽ የሚደረግለት ከሆነም የትውልድ ሀገር ማስረጃ እንድታቀርቡ እናሳስባለን። በጉምሩክ ውሳኔ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው አቤቱታውን የማቅረብ መብት በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ተደንግጎለታል። ለምን እከፍላለሁ፣ ማንስ ወሰነው ብሎ መጠየቅ የዜጋ መብት ነው፤ በግልጽ መመለስም የመንግሥት ሠራተኛ ግዴታ ነው። የድሬዳዋው የጉምሩክ ሹም በአጭር ዕድሜያቸው የደከሙት ይህ ጥያቄ እንዲጠየቅና መልስ እንዲያገኝ ነበር።